እናኑ መነነች በተባለበት ዘመን

ባለፈው የገበያ ቀን ሽንኩርት ተራውን አልፌ፣ ሴቶቹ ጠጅ ሳርና አሪቲ ዘርግተው ከሚቀመጡበት ጥግ ሄጄ ቆምሁ። የእኔ ቢጤ ሽማግሌ እዚያ ምን ይሠራል? አሪቲ የሴት ነገር ነው፤ ጸጉሯ ላይ ትሰካዋለች፣ ለማኅበር ቀን ቤቷ ትጎዘጉዘዋለች። የምትሸጠው ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ለማን ነው አባባ? ማኅበር አለብዎ?» አለችኝ። «ለቤት ነው» አልኋት ቆጣ ብዬ። ዛሬ ዛሬ ሰው በማያገባው መግባት ይወዳል። አንዱን እስር አንስቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። የባጃጁ ጡሩምባ፣ የደብረ ታቦር ተሳፋሪ የሚጣራው ረዳት ድምፅ፣ ሁሉም ራቀብኝ። እናኑ ሸተተችኝ።

እናኑ ሚስቴ ናት። ነበረች ማለት ይከብደኛልና ናት ልበል። ሙት ዓመቷን አውጥተናል፣ ልብሷንም ለነዳያን ሰጥተናል፤ ሽታዋን ግን ለማን ይሰጡታል። አሪቲውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መንገድ ዳር ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሰው ቢያየኝ ደክሞት ነው ይል ነበር። እኔ ግን ይፋግ ገበያ ደርሼ ነበር።

በዛዝ ነበርሁ። ዛሬ ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ማለት ነው። ጣቃውን በበቅሎ ጭኜ ከወረታ ይፋግ እወጣ ነበር። ንጉሡ ነበሩ ወይስ ወርደው ነበር፣ እሱን ታሪክ ለሚጽፉ ሰዎች እተወዋለሁ፤ እኔ የማስታውሰው አቡጀዴ ክንዱ በስሙኒ እንደነበር ነው። ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ የአውራጃ ጸሐፊ ይመስል ነበር። ኮንጎ ጫማ ገና መግባቱ ነው፤ የገዛው ሰው ጭቃ እንዳይነካበት አውልቆ በእጁ ይዞት ነበር የሚሄደው። ከገበያው ጥግ፣ ከዋርካው ሥር፣ አንድ ማሲንቆ መቺ አይጠፋም። ክረምት ወጥቶ የርብ ውሃ ገና ሜዳው ላይ ሳለ የሚላት አንዲት ግጥም ነበረችው፦ «የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ ልሻገር ገብቼ ልቤን ጣልሁበት።» ያኔ ይኸን ስሰማ እስቃለሁ፤ ሰው እንዴት ልቡን ውሃ ላይ ይጥላል እያልሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣችና ለቀሚስ አቡጀዴ ቁረጥልኝ አለችኝ። ያን ጊዜ ሜትር የሚባል ነገር ሩቅ ነው፤ የምንለካው በክንድ ነው፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። እኔ ስለካ ትክ ብላ ታየኝና፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ «እናቴ፣ የዚህ ልጅ ክንድ አጭር ነው» አለች። እኔ ደሜ ፈላ። «ክንዴ እግዜር የሰጠኝ ክንድ ነው» አልኋት። «ታዲያ የጨርቁን ዋጋ የሚከፍለው እግዜር ነው?» አለችና ወንድሟን ጠራችው። ወንድሟ በሬ የሚያህል ገበሬ ነበር፤ ክንዱ ከኔ ክንድ በአንድ ስንዝር ይበልጣል። በእሱ ክንድ ለክቼ ሰጠኋት። የዚያን ቀን ከስሬ ገባሁ። በሚቀጥለው ገበያ ሽማግሌ ላክሁ።

ከተጋባን በኋላ ወረታ መንገዱ ከሚገነጠልበት አጠገብ ቤት ሠራን። ሩዝ ገና ሲመጣ፣ የፎገራ ሰው «ይኸን የወፍ ቀለብ ማን ይበላዋል» ብሎ ሲስቅ፣ እኛ ልጆች እናሳድግ ነበር። ከጣቃው የተረፈ ቁራጭ የልጆች ጨርቅ ሆነ። ክረምት ሲመጣ አጥሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ይሆናል፤ አይደርቅም፣ እናኑ እሳት ዳር ገመድ ወጥራ ታደርቀዋለች፣ ቤቱ ጭስና ሳሙና ይሸታል። ለሕፃን ጨርቅ መቁረጥ ማንም ያውቅበታል። ለትልቅ ሰው ጨርቅ ይቆረጣል ያለ ግን አልሰማሁም። አባቴ ሽንቱ አልያዝ ያለው ጊዜ ከጥጃው በኩል ጭድ ጎዘጎዙለት፤ በየጠዋቱ ጭዱ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። «ሸመገለ» ይባላል፣ በቃ። አባቴ እዚያው ጭዱ ላይ ሞተ። እንደ በደልም እንደ ወግም አልታየንም፤ እንዲያው ነበር የሚደረገው።

እንግዲህ የእናኑ ነገር የጀመረው በጽጌ ጾም ነው። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾማል፣ ያልፈለገ ይተዋል። እናኑ ድሮም ትጾመዋለች። የዚያን ዓመት ግን ጾሙ አልቆ ጾሟ አላለቀም። ውሃ አትጠጣም፤ ጠላ ሲቀርብላት ከንፈሯን አስነክታ ታስቀምጣለች። ቀጥላ አልጋውን ተወችው። ከቆጡ ላይ የአባቴን የድሮ ቁርበት አውርዳ መሬት አነጠፈችና «ከእንግዲህ ለሥጋዬ ምቾት አልሻም» አለችኝ። ቁርበቱ ሥር አሪቲ ትጎዘጉዛለች። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ተነስታ ቁርበቱን ስትወለውል እሰማታለሁ። «ምን ታደርጊያለሽ?» ስላት «ጸሎት ቤቴን እያጸዳሁ ነው» ትለኛለች። ቀጥላ የማርያም ማኅበሯን ቀረች። ከወጣትነቷ ጀምሮ አንድ ወር ያላጎደለችውን፣ በወሊዷ እንኳ ድርሻዋን የላከችበትን ማኅበር።

አገሩ ምን ይበል? ጾም፣ መሬት መተኛት፣ ከሰው መራቅ፤ ይኸ እንግዲህ የመነኩሴ ሥራ ነው። «እናኑ መነነች» ተባለ። የማኅበር ጓደኛዋ ደብሬ፣ የጎረቤታችን ባለቤት፣ በር ላይ ቆማ «አያ ታከለ፣ ከቤትዎ ጻድቅ እየበቀለ ነው» አለችኝ። ሴቶቹ ልጅ የታመመባቸው እንደሆነ እየመጡ ጸልዪልን ይሏታል፤ ትከሻዋን ይሳለማሉ። እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ አንገቷን ስትደፋ ደግሞ ትሕትናዋ ነው ይላሉ። የነፍስ አባታችንም ባረኳት። እኔስ? እኔማ ኮራሁ። ጥፋቴ ነው ብዬ ደረቴን አልደቃም፤ ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየው ያንኑ ነው። ሰው የሚያውቀውን ያያል፣ እኛ የምናውቀው ጾም ነው።

አንድ ቀን ጉልበቴን አመመኝ ብላ ወንዛዬ ውሰዱኝ አለች። ፍል ውሃው ብዙ ሰው ይፈውሳል ይባላል፤ ሄድን። እዚያ ሴቶቹ ካሉበት በኩል ሳቋን ሰማሁ። ለስንት ወር ያልሰማሁትን ሳቅ። ከዚያ በኋላ ሲጨንቃት ወንዛዬ ትላለች፣ እኔም ጠበሉ ተስማማት እያልሁ እወስዳታለሁ።

በጋው ሲበረታ ወደቀች። ደጃፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሩዝ አስጥታ ስትመለስ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ ከሌላ አገር የመጣች ልጅ ናት፣ ገና ልጅ፤ የእናኑን ምላስ አይታ፣ ክንዷን ቆንጥጣ ለቅቃ፣ «አባት፣ እናታችን ውሃ አይጠጡም እንዴ?» አለችኝ። «ጾመኛ ናት» አልኋት፤ እንዲያውም ደረቴን ነፋ አድርጌ። ልጅቱ መጋረጃውን ስባ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ወደ ጥግ ወስዳ በቀስታ ነገረችኝ፤ ሽንት አልያዝ ካላቸው ቆይቷል፣ ገላቸው ተቃጥሏል፣ ውሃ ያቆሙት ለዚያ ነው፤ ውሃ ሲያቆሙ ደግሞ ሽንቱ እየከበደ ውስጣቸውን ጎድቶታል አለችኝ። «አልነገሩዎትም?» አለችኝ። ወጥቼ ከመኪና መንገዱ ዳር ቆምሁ፤ የጎንደር ከባድ መኪና ሁሉ አቧራውን እያለበሰኝ ያልፋል። ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም፣ ተናድጄ ነበር ብቻ።

ቤት ገብተን፣ ልጄ ማስተዋል ሾርባ ልታመጣ ስትወጣ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ምን ብዬ? ሸናሁ ልበልዎ?»

«ስንት ልጅ አሳድገሻል። ስንት ሽንት አጥበሻል።»

«የልጅ ሽንት ውሃ ነው። የትልቅ ሰው ግን ስም ያወጣል።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጻድቅ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ መስሎዎታል? በእመቤቴ ስም ሐሰት ነው የኖርሁት። ትከሻዬን ሲስሙኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ሽንታም ከምባል ብዬ ነው። ወንዛዬንስ ለምን የወደድሁት ይመስልዎታል? እዚያ ሁሉም ሰው እርጥብ ነው።»

ይኸን ስትለኝ አለቀስሁ። ሚስቴ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እሷም «መሞቱን አልፈራውም» አለችኝ። «አንዲት ነገር ብቻ። ማኅበሬ መካከል እንደ ሰው ተቀምጬ፣ ጽዋዬን ጠጥቼ፣ የተቀመጥሁበትን ሳላረጥብ ብነሳ።» ሌላ አልጠየቀችኝም። በዕድሜዋ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ቢቆጠር ጥቂት ነው፤ አንዱ ይኸ ነው።

እኔ ደግሞ ጨርቅ አውቃለሁ ባይ ነኝ። የፎገራን ሰው ግማሹን ያለበስሁ እኔ ነኝ፣ የገዛ ሚስቴን ላለብሳት ያቅተኛል? ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ አቡጀዴ አጥፌ ሰጠኋት፤ አቡጀዴ ውሃ አይዝም፣ ያሳልፈዋል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ፎጣ ሞከርን፤ ፎጣ ይዛል፣ ግን ከላይ ይወጣል። በፎጣው ላይ ፌስታል ደረብንበት፤ ይኸ ደግሞ አፈናት፣ ከውስጥ አላባት፣ ሊድን የጀመረው ገላዋ እንደገና ተላጠ። ነርሷ አይታ ተቆጣችኝ። «አባት፣ ትንፋሽ ይፈልጋል» አለችኝ። ጨርቅ ትንፋሽ እንደሚፈልግማ ለእኔ መንገር አልነበረባትም፣ ግን ልክ ነበረች።

ለትልቅ ሰው የሚሆን ዳይፐር እንዳለ የነገረችኝም እሷው ናት። መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ከቤታችን አጠገብ ያለውን ትቼ፣ ሰው የማያውቀኝ ይመስል፣ ከገበያው ማዶ ያለውን መረጥሁ። ወረፋው እስኪሳሳ ቆሜ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ ለሻጩ በሹክሹክታ ነገርሁት። ልጁ ክፋት የለውም፣ ግን ወደ ውስጥ ዞሮ «የአዋቂ ዳይፐር አለ ወይ?» ብሎ ተጣራ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው ሁሉ ጫማዬን ማየት ጀመረ። «ቁጥሩ ስንት ይሁን?» አለኝ። በዛዙ ታከለ፣ የሚስቱን ወገብ አያውቅም። «ትልቁን ስጠኝ» አልሁት። እኛ አገር ልብስ ሲገዛ ሰፋ ያለው ነው የሚገዛው፤ ሰፋ ያለ ያገለግላል፣ ሰፋ ያለ ለሌላም ይሆናል። ዋጋውን ሲነግረኝ ክው አልሁ፤ ድሮ በዚያ ገንዘብ ወይፈን ይገዛ ነበር። ከፈልሁ። ትልቁም ሆኖ አልጠቀመም፤ ጭኗ ላይ ክፍት ሆኖ በዚያው ፈሰሰ። ውድ ስለሆነም አንዱን ቀኑን ሙሉ ልታቆየው አለች፣ «ገና አልሞላም» እያለች። በግድ አስወለቅኋት። የሚቆጥብ ሰው ገላውን ይከፍላል፤ ይኸን ያወቅነው ከቁስሏ ነው።

«ነይ እስቲ ቁሚ» አልኋት አንድ ቀን። ሜትሬን አይጥ በልቶት ነበር። የስፌት ክር አመጣሁና ወገቧን ዙሬ፣ ዳሌዋን ዙሬ ለካሁ፤ እሷ የአልጋውን እግር ይዛ ቆማለች፣ ወገቧ እንዴት እንደቀጠነ ያየሁት ያኔ ነው። ክሩን አውጥቼ በክንዴ ስለካው ከላይ ሆና ታየኛለች። «ክንድዎ ዛሬም አጭር ነው» አለችኝ። ሳቅን፤ አልጋው ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፣ ኋላ እንባው ሳይቆም ሳቁ ቆመ። ክሩን ቋጥሬ በደረት ኪሴ ይዤ መድኃኒት ቤት ተመለስሁ፣ የዚህን ልክ አምጣ አልሁት። መካከለኛው ነበር ልኳ። ከትልቁ ይልቅ እሱ ያዘላት።

እንደዚያም ሆኖ በየቀኑ የምንችለው አልነበረም። ስለዚህ ዳይፐሩ ለመኝታና ለመንገድ ሆነ፤ ለቤት ውሎዋ እኔ ጨርቅ አዘጋጀሁ። ከገላዋ በኩል ያረጀ ለስላሳ ጥጥ፣ መካከሉ በሁለት የታጠፈ ፎጣ፣ ከውጭ በኩል ብቻ የዝናብ ልብስ ጨርቅ፣ ጎንና ጎኑ እንዲተነፍስ ክፍት። ለልብስ ሰፊው ወስጄ የሕፃን ነው አልሁት። አገላብጦ አየውና «አያ ታከለ፣ ይኸ ሕፃን የማን ነው? የፎገራ ወይፈን ነው እንዴ?» አለኝ። አልሳቅሁም። እሱም ፊቴን አይቶ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቀኝም፣ ጠርዙንም ገላ እንዳይቆርጥ እጥፍ አድርጎ ሰፋልኝ። አጣቢው እኔ ነበርሁ። ማስተዋል ልቀበልዎ ብትለኝ እምቢ አልሁ። ከጓሮ አሰጣና ከላዩ ነጠላ እጥልበታለሁ፤ ሽማግሌ ከጓሮ ጨርቅ ሲያሰጣ የሚያይ ጎረቤት ምን እንደሚል አላውቅም፤ ያለኝ የለም። ከሁሉ የከበደን ግን ውሃው ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ከፊቷ እቀመጣለሁ፤ መርዝ የሰጠኋት ይመስል ትፈራዋለች። «ጠጪ፣ ተይዟል» እላታለሁ። ትጠጣና ትጠብቃለች፣ እጇን ከሥሯ ታስገባለች፣ ደረቅ መሆኑን ስታይ ታየኛለች። እንዲህ እያልን ምላሷ ራሰ፣ ገላዋም ገጠመ።

የኅዳር ማርያም ዕለት ማኅበሩ ደብሬ ቤት ነበር። እናኑ ገላዋን ታጠበች፣ ቫዝሊኗን ተቀባች፣ ዳይፐሯን አደረገች፣ የአደባባይ ቀሚሷን ለበሰች፤ አሪቲም ጸጉሯ ላይ ሰካች፤ ያን ቀን ሽታ ለመሸፈን ሳይሆን ለጌጥ ነበር። ቅርብ ቢሆንም በባጃጅ ወሰድኋት። ስንገባ ሴቶቹ ብድግ አሉ፣ እልል አሉ፤ ጻድቋ መጣች። ከመደቡ ላይ የክብሩን ቦታ ለቀቁላት። እኔ ለመሄድ ስዞር እጄን ያዘችኝ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ደብሬ ጽዋውን ይዛ ከእናኑ ፊት ስትደርስ አመነታች፤ «እሷ እንኳ ጾመኛ ናት፣ ለበረከት ታስነካው» አለች። እናኑ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ጠጣችው። ሁሉንም፣ አተላው እስኪታይ።

«ጨምሪልኝ ደብሬ» አለች። «ጾም አልነበረም፣ ሕመም ነበር። እመቤቴ ትየኝ፣ ከእንግዲህ ማንም ትከሻዬን እንዳይስም።»

ምን ሕመም ብሎ የጠየቀ የለም። ደብሬ ጨመረችላት። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ፤ የሩዝ ዋጋ፣ የልጆች ሰርግ፣ እናኑም የድሮ ነገር አንስታ አሳቀቻቸው፤ የእኔን ክንድም ሳታነሳው አልቀረች። ሊመሽ ሲል ተነሳች። እኔ የተቀመጠችበትን አየሁ። ከእኔ ጋር እሷም ዞራ አየችው። ደረቅ ነበር።

ከዚያ ብዙ አልቆየችም። ጥቂት ማኅበር ጠጣች፣ ክረምት ገባ፣ ውሃው ሜዳው ላይ ተኛ፣ እሷም በዚያ ሰሞን በሳምባ ታማ አረፈች። በደረቅ አልጋ ላይ ነው የሞተችው፤ ይኸን ለራሴ ደጋግሜ እናገረዋለሁ። አባቴን ሳስብ ደግሞ ጭዱ ትዝ ይለኛል። ሐዘኑ እንደወጣ ደብሬ መጣች፤ የቤቱን ወጋግራ ተደግፋ ቆማ፣ ዙሪያውን ስታይ ቆይታ፣ «አያ ታከለ፣ ያ ከጓሮ ያሰጡት የነበረው ጨርቅ… ለአንዲት ዘመዴ ፈልጌው ነበር» አለችኝ። የተረፈውን የዳይፐር እሽግም ጨርቁንም አወጣሁላት፤ ለራሴ ሁለት ጨርቅና ያችን የቋጠርኋትን ክር ብቻ አስቀረሁ፣ ለመታሰቢያ። «የዘመድሽ ወገብ ምን ያህል ይሆናል?» አልኋት። መሬት መሬት አየች። «የእኔን ያህላል» አለች። አልሳቅሁም፣ አልጠየቅሁም። ስንት ጾመኛ በየቤቱ እንዳለ ያኔ ነው የገባኝ።

ይኸን ሁሉ እያሰብሁ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ አዘቀዘቀ። እንግዲህ አሪቲውን ለማን እንደገዛሁት ልናገር። አልጋዬ ርሶ ከነቃሁ ሰንብቷል። መጀመሪያ ውሃ ቀነስሁ። ቀጥሎ ማስተዋልን «መሬት መተኛት ለወገቤ ይሻለኛል» አልኋት፤ ቁርበቱን አወረድሁ። «ምነው አባባ፣ ምሳዎን ያለ ውሃ?» ስትለኝ «ጾም ይዣለሁ» አልሁ። አፌ እንዴት እንደቀለለው። ይኸው ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አንዲት ሴት ትከሻዬን ሳመችኝ፣ «አያ ታከለም የሚስታቸውን መንገድ ያዙ» ስትል ሰማኋት። ሁሉን የማውቅ ሰው፣ ክሩ በሳጥኔ ያለ ሰው፣ አሪቲ ልገዛ ሄድሁ። እናኑን እንዴት አልነገርሽኝም ብዬ ተቆጥቻት ነበር፤ ለካ አፍ እንዲህ ይተሳሰራል።

ቤት ስደርስ ማስተዋል ሽሮ አቅርባ፣ በጎኑም አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ነጠላዬን ስፈታ አሪቲው ወደቀ። አነሳችው። አሸተተችው። ከእናቷ ቁርበት ሥር ይኸው ሽታ ነበር፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ሁለታችንም ብርጭቆውን እናያለን። አፈርሁ። የወለድኋት ልጅ ናት፣ ያውም ሴት ልጅ። ደብሬ ቤት የተቀመጥሁበት በር፣ በሁለት እጇ የያዘችው ጽዋ መጣብኝ። ብርጭቆውን አነሳሁና እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

«ጨምሪልኝ» አልኋት። «ጾም አይደለም።»

ቀዳችልኝና ቀስ ብላ ተነሳች። ሳጥኑን ከፍታ ሁለቱን ጨርቅ አወጣች፣ ክሩንም አወጣች፤ የእናቷን ቋጠሮ ፈታችው። «ይቁሙ እስቲ አባባ» አለችኝ። የአልጋውን እግር ይዤ ቆምሁ። ከልብሴ በላይ ወገቤን ዞረችና ክሩን ክንዷ ላይ ዘረጋችው። የማስተዋል ክንድ ረጅም ነው፤ ያን ገበሬ አጎቷን ነው የመሰለችው።